ጎጆ ተከራየን ስላት

«እማዬ፣ ባሕር ዳር ጎጆ ተከራይተናል» አልኳት በስልክ።

«ባሕር ዳር? መቼ ገባችሁ? ሳትነግሩኝ?»

ከተማው ባሕር ዳር ሳይሆን በእንግሊዝ የሰሜን ባሕር ዳርቻ ላይ ያለች ዊትቢ የምትባል ትንሽ ከተማ መሆኗን ለማስረዳት አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ። ከዚያ ደግሞ የጎጆው ጥያቄ መጣ። «ሣር ክዳን ነው? በዚያ ብርድ?» ጥፋቱ የእኔ ነው። ኮቴጅ ለሚሉት ቤት ሌላ ቃል ስላጣሁ ነው። የድንጋይ ቤት ነው፣ ጣሪያው ቀይ ሸክላ። ድሮ የዓሣ አጥማጅ ቤተሰብ ይኖርበት ነበር፤ ዛሬ ለዕረፍት ይከራያል። «ታዲያ ቤት ተከራየን አትልም!» አለችና ተረጋጋች።

የምንኖረው እዚያው እንግሊዝ፣ ሊድስ ከተማ ነው። ሥራዬ አውቶቡስ መንዳት ነው። ከሊድስ ዊትቢ በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም። አውቶቡስ ቁጥር 840 ግን ዮርክን፣ ማልተንንና ፒከሪንግን አልፎ፣ ዛፍ የሌለውን ደጋ አቋርጦ፣ ረጅሙን መንገድ ይሄዳል። መስመሩ እ.ኤ.አ. በ2018 የብሪታንያ እጅግ ውብ የአውቶቡስ መስመር ተብሎ ተመርጧል። እኔ የሰው አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ መስኮት ማየት የምችለው እዚያ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሄድነው እንደ ማንም ሰው በነሐሴ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ አገሩ ሁሉ ባሕር ይላል። ለአንድ ሳምንት ከአንድ ሺህ ፓውንድ በላይ ከፈልን። ማስታወቂያው «ስድስት ሰው ያስተኛል» ይላል። አራቱ አልጋ ላይ፣ ሁለቱ ሶፋ ላይ ማለት መሆኑን በሩን ከፍተን ነው ያወቅነው። መኪና ማቆሚያ የለም። ሻንጣውን፣ የእንጀራውን ካርቶንና የልጁን ብስክሌት በኮረት መንገድ ላይ ተሸክመን ገባን። ትንሹ ልጄ በገባ በሁለተኛው ቀን ነጭ የባሕር ወፍ መጥታ አይስክሬሙን ከእጁ ነጠቀችው። ወፎቹን አትመግቡ የሚል ማስታወቂያ አለ። ልጁ ግን አልመገባትም፣ ተዘረፈ እንጂ።

ባለቤቴ ደግሞ ፍልሰታን እየጾመች ነበር። ዓሣ አትበላም። ድንች ጥብሱ ይበቃኛል ብላ ዓሣና ድንች የሚጠብሱበት ቤት ሰልፍ ያዘች። ተራዋ ሲደርስ በምን እንደሚጠብሱ ጠየቀች። «በበሬ ሞራ ነዋ!» አላት ጠባሹ ልጅ፣ ኩራት በተሞላበት ድምፅ። ዮርክሸር በሚባለው በዚህ አካባቢ የድሮው ልማድ ይኸው ነው። ዓሣውም ድንቹም የሚጠበሰው በሞራ ነው። ዘይት የሚጠቀሙ ቤቶችም አሉ፣ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ነው። የሚጾምም ሥጋ የማይበላም ይህችን ይያዝ። ያን ቀን ባለቤቴ ተመልሳ ሽሮዋን ሠራች። ሆቴል ብንይዝ ኖሮ ምን ልትበላ ነበር? ኮቴጅ ማለት ለኛ ወጥ ቤት ማለት ነው።

ስንመለስ ሒሳብ ሠራን። በሕግ የሚገባኝ ዕረፍት ባንክ ሆሊደይ የሚባሉትን የአገሩን ሕዝባዊ በዓላት ጨምሮ በዓመት 28 ቀን ነው። የዚያች የነሐሴ ሳምንት ገንዘብ በየካቲት ሦስት ሌሊት፣ በሚያዝያ አራት፣ በሰኔ ሁለት፣ በጥቅምት አራት ሌሊት ያሳድራል፤ ብዙም ሳይጨመርበት። ከሰኞ እስከ ዓርብ መከራየት ከዓርብ እስከ ሰኞ ከመከራየት ይረክሳል። አንድ ቤት መርጠን የቤቱን ባለቤት በቀጥታ አነጋገርናት። ዓመቱን ሙሉ እየተመላለስን እንደምንመጣ ስንነግራት ዋጋ ቀነሰችልን። የወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሁለት ቀን መቁጠሪያ ሰቀልን። አንዱ የትምህርት ቤቱ ነው፣ ሌላው አጽዋማትና በዓላት ያሉበት የቤተ ክርስቲያኑ። ሁለቱንም የሚያስደስት ሳምንት መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

በየካቲት 2025 እናቴ መጣች። የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ ብርድ አያስደነግጣትም። ነፋሱ ግን አስደነገጣት። «ብርዱስ የሚታወቅ ነው። ይሄ ግን ይገፋል» አለች ነጠላዋን አጥብቃ። የወደቡ ግድብ ላይ ማዕበሉ እየዘለለ ስናይ ልጆቹ ጮኹ፣ እሷ አማተበች። መንገዱ ባዶ ነው። ካፌ ውስጥ የፈለጉት መስኮት ጋ መቀመጥ ይቻላል። የቤቱ ምድጃ እንጨት ይበላል። አንድ ከረጢት ማገዶ የቤቱ ባለቤት ትተዋለች፣ ሁለተኛውን መግዛት የኛ ፈንታ ነው።

ከአሮጌው ሰፈር ወደ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያንና ወደ ገዳሙ ፍርስራሽ የሚያወጡ 199 ደረጃዎች አሉ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ከታች ቆማ ወደ ላይ አየችና «ማርያም ካለች ይወጣል» ብላ ጀመረች። በየመሀሉ ሰፋ ያለ ማረፊያና አግዳሚ ወንበር አለ። ድሮ ሬሳ ሣጥን ተሸክመው የሚወጡ ሰዎች የሚያሳርፉበት ነው። ይህን ስነግራት ፊቷ በራ። «እኛም አገር ሬሳ ቤተ ክርስቲያን እስኪደርስ ሰባት ጊዜ ያርፋል፣ ፍትሐት እየተደረገለት» አለች። ከዚያ በኋላ በየማረፊያው ቁጭ እያለች ሰላሳ ደቂቃ ፈጅታ ወጣች። ልጆቹ ሲቆጥሩ አንዱ 198 አገኘ፣ አንዷ 201። ተጣሉ።

በሚያዝያ የሄድነው ከሰሙነ ሕማማት በፊት ባለው ሳምንት ነው። ለሆሣዕና ሊድስ መመለስ ግዴታ ነበር፤ እናቴ ይህን ሳናረጋግጥላት መኪና አትገባም። እኔም ለእሷ ያስቀመጥኩት ታሪክ ነበረኝ። ያ ገዳም የተመሠረተው በ657 ነው። የመጀመሪያዋ እመምኔት ሂልዳ ትባላለች። ወንዶችንም ሴቶችንም መነኮሳት ታስተዳድር ነበር። በ664 እዚያው ጉባኤ ተቀመጠ። ዋናው ጥያቄ ፋሲካ መቼ ይዋል የሚል ነው። የአየርላንድ መነኮሳት አንድ ቁጥር ይዘዋል፣ የሮም ወገን ሌላ። ችግሩ እቤተ መንግሥት ገብቶ ነበር። ንጉሥ ኦስዊዩ ፋሲካን ፈስኮ ሲበላ፣ በሮም ሥርዓት ያደገችው ንግሥት ገና ሆሣዕና ላይ ሆና የምትጾምበት ዓመት ይገጥም ነበር። በመጨረሻ ንጉሡ ለሮም ፈረደ።

እናቴ ዝም ብላ ሰማችኝ። «ታዲያ እንደናንተ ቤት ነዋ» አለች።

እውነቷን ነው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት የቸኮሌት እንቁላል ይዘው ይመጣሉ፣ እኛ ሁዳዴ ላይ ነን። በ2024 የነሱ ፋሲካ መጋቢት 31 ውሎ የኛ ግንቦት 5 ነበር፣ በፈረንጅ ቀን ማለቴ ነው። ትልቋ ልጄ «የትኛው ነው ትክክለኛው?» ብላ ጠይቃኝ ወደ ባሕረ ሐሳብ ሸሽቼ ነበር። በ2025 ግን ሁለቱም ሚያዝያ 20 ዋሉ። እናቴ ይህ የዊትቢ ሰዎች ጸሎት ውጤት ነው ብላ እስካሁን ታምናለች።

ሂልዳ ሌላም ታሪክ አላት። ቦታው እባብ የበዛበት ነበር፣ እሷ ወደ ድንጋይ ለወጠቻቸው ይላሉ። ማስረጃው በየባሕር ዳርቻው ይለቀማል። እንደ እባብ የተጠቀለለ ድንጋይ ነው። ትልቋ ልጄ አሞናይት የሚባል የጥንት የባሕር እንስሳ ቅሪተ አካል መሆኑን ለአያቷ አስረዳች። ድሮ ነጋዴዎች የእባብ ጭንቅላት ቀርጸውበት ይሸጡ እንደነበርም ጨመረችላት። አያቷ ድንጋዩን አገላብጣ አየችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ድሮ እባብ ነበር» አለች፣ ክርክሩ ተዘጋ።

በሦስተኛው ቀን ቡና ቆላች። ጣሪያው ዝቅተኛ ነው፣ የጭስ ማስጠንቀቂያው ደግሞ ልክ ከምድጃው በላይ። ጩኸቱ ሲነሳ እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ በፎጣ ሳራግብ በሩ ተንኳኳ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጎረቤት ሴትዮ ነበሩ፣ የእሳት ማጥፊያ ይዘው። እናቴ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሳትናገር አስቀመጠቻቸው። አቦል ጠጡ፣ ቶና ጠጡ። ለበረካው እኔ ልነግራቸው ስል ቀድመው ሲኒያቸውን ዘረጉ።

ስለ መንገዱ ያወቅሁት ከእሳቸው ነው። ልጅ ሳሉ በዚያ ጠባብ ግቢ ውስጥ እያንዳንዱ በር ቤተሰብ ነበረው። አሁን በብርዱ ወራት ማታ መብራት የሚበራው ጥቂት ቤት ነው። ሌላው የዕረፍት ኪራይ ወይም የሀብታም ሁለተኛ ቤት ሆኗል። በሰኔ 2022 የከተማው ሰው ድምፅ ሰጥቷል። አዲስ የሚሠራ ቤት ዓመቱን ሙሉ ለሚኖርበት ሰው ብቻ ይሁን ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ድምፅ ከሰጡት ከአሥሩ ዘጠኙ አዎ አሉ። የድምፁ ውጤት በራሱ ሕግ አልሆነም። እኛ ቡና በጠጣንበት በዚያው ወር ግን የሰሜን ዮርክሸር ምክር ቤት የሁለተኛ ቤት ግብርን እጥፍ አድርጎት ነበር።

አፈርኩ። እሳቸው የሚያወሩት እኔ ስለተከራየሁት ዓይነት ቤት ነው። «እናንተማ በየካቲትም ትመጣላችሁ። ዳቦ ቤቱ በነሐሴ ብቻ አይበላም» አሉኝ። ይህ ለእኔ መጽናኛ እንዲሆን ይሁን ከልባቸው አላውቅም። በበኩሌ በብርዱ ወራት መሄዳችን ነገሩን አያስተካክለውም። ቤቱ ያው ሰው የማይኖርበት ቤት ነው። መሄድ ግን አላቆምኩም።

ሰኔ አጭር ነበረች፤ ሁለት ሌሊት፣ ያውም ሰው ሰርዞ ያገኘናት። እናቴ ግንቦት ላይ ተመልሳለች። ዊትቢ ምሥራቅ ዳርቻ ላይ ብትሆንም ባሕሯ ወደ ሰሜን ነው የሚያየው። ስለዚህ በሰኔ ፀሐይ ከባሕር ወጥታ እዚያው ባሕር ውስጥ ትጠልቃለች። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ግድቡ ላይ ቆመን አየናት። በታኅሣሥ እኮ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል! በማግሥቱ ባሕሩ በሸሸበት ሰዓት በአሸዋው ወደ ሳንድስኤንድ መንደር በእግር ሄድን፣ ሦስት ማይል ያህል ነው። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል። ሰዓቱን ሳያዩ የወጡ ሰዎች ገደሉና ውኃው መሀል ይያዛሉ። የሰዓቱ ሠንጠረዥ ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል፣ ይነበብ።

በጥቅምት መጨረሻ፣ ልጆቹ ለአንድ ሳምንት ሲያርፉ፣ በዚያ ዓመት ለአራተኛ ጊዜ ሄድን። ሰዓቱ ወደ ኋላ ተመልሷል፣ ማታው ቸኩሏል። ዓርብ ስንወጣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር የለበሱ፣ ፊታቸውን ነጭ የቀቡ ሰዎች በድልድዩ ይጎርፉ ነበር። ጨለም ያለ ሙዚቃና ጥቁር ልብስ የሚወዱ፣ ጎዝ የሚባሉት ናቸው። ከ1994 ጀምሮ ዊትቢ ይሰበሰባሉ፣ ያን ሰሞን ዋጋው ይሰቀላል። ለእናቴ ቪዲዮ ላክሁላት። «ለቅሶ ነው?» አለች። ከተማዋ ለከል አዲስ አይደለችም። ጄት የሚባለው ጥቁር የዊትቢ ድንጋይ፣ እንጨት ድንጋይ ሆኖ የተፈጠረ ነው፤ ንግሥት ቪክቶሪያ ባሏ በ1861 ሲሞት አድርጋው ፋሽን ሆነ። እስክትሞት ድረስ ወደ 40 ዓመት ገደማ ጥቁር አላወለቀችም። «ወይ ጉድ፣ ተዝካሩን ሳታወጣ ቀርታ ይሆናል» አለች እናቴ።

ረስቼው ነበር እንጂ ሌላም ነገር ነበር። ሰኞ ስንገባ መስኮቱ ላይ ጀበና አየን። በሚያዝያ እናቴ «ትመጡ የለም ወይ፣ ምን ያመላልሳታል» ብላ ቁም ሣጥን ውስጥ የተወቻት ናት። በሰኔ ፈልገን አጥተናት፣ ተሰብራ ተጥላለች ብለን ነበር። ቤቱን የሚያጸዱት ይሁኑ ከኛ በኋላ የገቡ ተከራዮች፣ አንዱ የደረቀ የደጋ አበባ ሰክቶ እንደ ጌጥ አስቀምጧታል።

ባለቤቴ አበባውን አውጥታ ብርጭቆ ውስጥ አደረገች። ጀበናዋን ሦስት ጊዜ አለቀለቀቻት። እኔ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ከማስጠንቀቂያው ሥር ወንበር አኖርኩ፣ ፎጣዬን ያዝኩ። ትንሹ ልጄ ጎረቤታችንን ሊጠራ ወጣ።