በቨርጂኒያ ምርጫ ወላጆቻችንን ይዞ መግባት ይፈቀዳል

ቨርጂኒያ አገረ ገዥዋንና የስቴቱን ሕግ አውጪዎች የምትመርጠው የፕሬዚዳንት ምርጫ በማይኖርባቸው፣ እንደ 2025 እና 2027 (እ.ኤ.አ.) ባሉት ዓመታት ነው። ለፕሬዚዳንት ምርጫ ማልደው የሚሰለፉ ብዙ ወገኖቻችን ይህኛው ሲመጣ ቤታቸው ይቀራሉ። በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ የማውቃቸው አረጋውያን ምክንያታቸውን ሲጠየቁ «እንግሊዝኛውን ማን ያነብልኛል?» ይላሉ እንጂ ምርጫው አያገባኝም አይሉም።

ለዚህ ጥያቄ ሕጉ መልስ ሰጥቶበታል። የፌዴራሉ የመራጮች መብት ሕግ ክፍል 208 በዓይነ ስውርነት፣ በአካል ጉዳት ወይም ማንበብና መጻፍ ባለመቻል ምክንያት ርዳታ የሚያስፈልገው መራጭ ራሱ የመረጠውን ሰው ይዞ ድምፅ እንዲሰጥ ይፈቅዳል፤ የተከለከሉት አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ፣ የእነርሱም ወኪሎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ልጅ፣ ምራት ወይም የታመነ ጎረቤት አብሮ ሊገባ ይችላል። ይህ በአስፈጻሚዎች መልካም ፈቃድ የሚገኝ ውለታ ሳይሆን መብት በመሆኑ፣ ወላጆቻችን ሲጠይቁት ሊሸማቀቁ አይገባም።

ከእነዚህ አረጋውያን ብዙዎቹ የዜግነት ፈተናቸውን የተፈተኑት በአማርኛ ነው፤ ዕድሜው 50 ደርሶ 20 ዓመት፣ ወይም 55 ደርሶ 15 ዓመት በግሪን ካርድ የኖረ ሰው በአስተርጓሚ እንዲፈተን ሕጉ ይፈቅዳልና። ወደ ምርጫ ጣቢያ ሲሄዱ ግን አማርኛ የለም። ፌርፋክስ ካውንቲ ከእንግሊዝኛ ሌላ የምርጫ ጽሑፎችን በስፓኒሽ፣ በቬትናምኛና በኮሪያኛ ያዘጋጃል፤ ይህን የሚያስገድደው የፌዴራል ሕግ የሚመለከተው ግን ስፓኒሽ ተናጋሪዎችን፣ እስያውያንን፣ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦችንና የአላስካ ተወላጆችን ብቻ ስለሆነ፣ የአማርኛ ተናጋሪው ቁጥር የቱንም ያህል ቢያድግ በዚህ ሕግ አይካተትም። ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም። እስኪስተካከል ድረስ ያለን መፍትሔ አብሮ መሄድ ነው።

እናቴን ይዤ ስሄድ የምናደርገው እንዲህ ነው። ቀደም ብለን የድምፅ መስጫውን ናሙና ወረቀት ቤት ውስጥ አንድ በአንድ እናነባለን፤ በተለይ የትምህርት ቦርድ ተወዳዳሪዎች ስም አጠገብ የፓርቲ ስም ስለማይታተም ማንነታቸውን አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ጣቢያው ስንደርስ እናቴ ስሟንና አድራሻዋን ትናገራለች፤ መታወቂያ ታሳያለች። ጊዜው ያለፈበት የቨርጂኒያ መንጃ ፈቃድ፣ የባንክ መግለጫ ወይም የመብራት ክፍያ ደረሰኝም ያገለግላል፤ ምንም የሌለው ሰው ማንነቱን የሚያረጋግጥበት ቅጽ ላይ ፈርሞ ድምፅ መስጠት ይችላል። ከዚያ ርዳታ መጠየቂያውን ቅጽ ሁለታችንም እንፈርማለን። እኔ የሁሉንም ተወዳዳሪዎች ስም በተጻፈበት ቅደም ተከተል አነብላታለሁ፤ «ይኼኛው ይሻላል» ማለት ግን አይፈቀድልኝም፤ ማንን እንደመረጠችም ለሌላ ሰው መናገር አልችልም።

ወረቀቱ ላይ ከስሙ አጠገብ ያለውን ሞላላ ክብ ሙሉ በሙሉ ማጥቆር ያስፈልጋል። በአገር ቤት ምርጫ የኤክስ ምልክት ማድረግ ወይም በጣት አሻራ መፈረም የለመደ ሰው እዚህ ላይ ሊሳሳት ይችላል። ከተሳሳተ ሊሰርዝና ሊደልዝ አይገባም፤ ወረቀቱን ወደ ማሽኑ ከማስገባቱ በፊት መልሶ ሌላ መቀበል ይችላል። በ2017 (እ.ኤ.አ.) በኒውፖርት ኒውስ አካባቢ ለአንድ የስቴቱ ምክር ቤት መቀመጫ የተወዳደሩት ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 11,608 ድምፅ አግኝተው እኩል የወጡት፣ የሁለቱም ክብ ጠቁሮ አንደኛው ላይ መስመር የተሰመረበት አንድ ወረቀት ካከራከረ በኋላ ነበር። አሸናፊው በጥር 2018 ከሳህን ውስጥ በወጣ ዕጣ ተለየ፤ የምክር ቤቱም አብላጫ በዚያው ዕጣ 51 ለ49 ሆነ። ብዙ ቤተሰቦቻችን የሚታከሙበት፣ ሜዲኬይድ የተባለው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን ሽፋን እንዲሰፋ የወሰነው በዚያ ምርጫ የተቋቋመው ምክር ቤት ነው።

ረጅም ሰልፍ ለማይችሉ ወላጆች ሌላም መንገድ አለ። ቀድሞ ድምፅ መስጠት ከምርጫው 45 ቀን በፊት ይጀምራል፤ ምክንያት አይጠየቅበትም፤ የሚያበቃውም ከምርጫው በፊት ባለው ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። ዕድሜው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ ወይም የአካል ጉዳት ያለበት ሰው ከመኪናው ሳይወርድ ወረቀቱን አስፈጻሚዎቹ ያመጡለታል። በፖስታ ለሚልክ ደግሞ የምስክር ፊርማ ቀርቶ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ የመጨረሻ አራት አሃዞችና የትውልድ ዓመቱ ብቻ ይጠየቃል።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። በግሪን ካርድ የሚኖር ሰው ሊመዘገብም ሊመርጥም አይችልም። መንጃ ፈቃድ በሚሰጠው መሥሪያ ቤት (ዲኤምቪ) ውስጥ መንጃ ፈቃድ ሲወጣ የመራጭነት ምዝገባ ጥያቄ ስለሚቀርብ፣ እንግሊዝኛው ያልገባው ሰው «አዎ» ብሎ ከፈረመ ኋላ ዜግነት ሲጠይቅ ችግር ሊገጥመው፣ እስከ መባረርም ሊያደርሰው ይችላል። አዲስ ለመጡ ዘመዶቻችን ይህን ወደ ዲኤምቪ ከመሄዳቸው በፊት እንንገራቸው።