ስም መርሳት ብቻውን ብዙ አያሳስበኝም

የመርሳት በሽታ በተነሳ ቁጥር ወሬው በስም መርሳት ይጀምርና እዚያው ያልቃል። እኔ ግን ስም መርሳትን ከምልክቶቹ መጨረሻ ነው የማስቀምጠው። የጠፋው ስም ማታ በድንገት ብቅ ካለ ትዝታው ቦታው ላይ ነበር፤ የዘገየው ማውጣቱ ነው። ዕድሜ እንዲህ ያደርጋል።

ሌላው ነገር ጭራሽ ሳይመዘገብ መቅረት ነው። አንዱ የመርሳት በሽታ ዓይነት የሆነው አልዛይመር አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ከሚጎዳቸው የአንጎል ክፍሎች አንዱ አዲስ ትዝታ የሚያስይዘው ሂፖካምፐስ ነው። ስለዚህ የልጅነታቸውን ዘመን አጥርተው የሚተርኩ እናት ጠዋት የመጣውን እንግዳ ላያስታውሱ ይችላሉ። ቤተሰቡም «የስንት ዓመቱን እያስታወሱ ምን ሆኑ ይባላል?» ብሎ ይዘናጋል። ለመለየት ፍንጭ መስጠት ይረዳል። «ልጅ ይዞ የመጣው ሰው» ሲባሉ «አዎ፣ ልጅቷ ስታለቅስ ነበር» ብለው ከራሳቸው ከጨመሩ ጥሩ ነው። ፍንጩ ምንም ካልቀሰቀሰ፣ ያው ጥያቄም ከሩብ ሰዓት በኋላ በዚያው ቃል ከተመለሰ ግን ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ከትዝታም ይልቅ ሥራን ማየት እመርጣለሁ። ቅደም ተከተል ያለው ሥራ ቶሎ ይሰናከላል፦ ወርኃዊ ክፍያ፣ የመድኃኒት ሰዓት፣ ሁለት ድስት ጥዶ አንዱን ማማሰል። አንዱ እርምጃ ይዘለላል ወይም ይደገማል፤ የተከፈለው እንደገና ይከፈላል። መለኪያው የሰውየው የራሱ ትናንት እንጂ የጎረቤት ችሎታ አይደለም። ድሮም ቁጥር የማይሆንለት ሰው ቢሳሳት ምንም አይደለም፤ ዕድሜውን በሒሳብ ሥራ ያሳለፈ ሰው መልስ መቁጠር ሲቸግረው ግን ወሬው ሌላ ነው።

ሐኪሞች ባዶ ክብ ሰጥተው የሰዓት ቁጥሮቹን ያስሞላሉ፤ ከዚያ «አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ አድርጉት» ይላሉ። ረጅሙ ዘንግ 2 ላይ ማረፍ ሲገባው፣ «አሥር» የሚለው ቃል ስቧቸው 10 ላይ የሚያሳርፉ አሉ። ይህን ቤት ውስጥ ፈተና ማድረጉን አልደግፍም፤ ያልተማረ ወይም ዓይኑ የደከመ ሰው ያለ በሽታው ይወድቃል። በጨዋታ መሃል አንገትን ማየት ይሻላል፦ ቀላል ጥያቄ ሲጠየቁ ለመልስ በየጊዜው ወደ ባለቤታቸው ዞር ይላሉ፤ ባለቤትም ሳይታወቃቸው ይመልሱላቸዋል። ብዙ ነገር ተሸፍኖ የሚቆየው እንዲህ ነው።

የመርሳት በሽታ ሁሉ በመርሳት አይጀምርም። ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 65 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚጀምር ዓይነት አለ፤ እሱ ይሉኝታን ያጠፋል፣ ለሰው ማዘንን ይቀንሳል። በሌላው ደግሞ የሌለ ሰው ወይም እንስሳ ይታያል፤ ከዓመታት በፊት ጀምሮም በእንቅልፍ ልብ ሕልምን እየኖሩ መጮህና መራገጥ ሊኖር ይችላል።

«እርጅና ነው» ብሎ መተው የሚያናድደኝ ሊታከም የሚችል ምክንያት ስለሚያሳልፍ ነው፦ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን ማነስ፣ ድባቴ፣ የእንቅልፍ ኪኒን፣ አንዳንድ የቆዩ የአለርጂ መድኃኒቶች፣ ከሳምንታት በፊት በወደቁበት ጭንቅላት ውስጥ ቀስ ብሎ የተጠራቀመ ደም። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የመጣ መደናገር ደግሞ ከዚህ ይለያል። ኢንፌክሽን፣ የውኃ እጥረት ወይም መድኃኒት ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ያስኬዳል።

ቀስ ብሎ ለመጣው ሁለት ሦስት ሳምንት መመዝገብ ይጠቅማል። «ይረሳሉ» ብሎ መጻፍ ለሐኪም ምንም አይነግርም፤ «ማክሰኞ ምድጃውን ለኩሰው ወጡ፤ ዓምና እንዲህ አያደርጉም ነበር» የሚለው ይነግራል። ያለ ማዘዣ የሚገዙትን ጨምሮ መድኃኒቶቹ ሁሉ በፌስታል ይያዙ፤ መነጽርና የመስሚያ መሣሪያ አይረሱ። ለአጭር ቀጠሮ ብዙዎች ራሳቸውን አሰባስበው ጤነኛ ስለሚመስሉ፣ አብሮ የሄደው ሰው ለብቻው የሚናገርበት ጥቂት ደቂቃ ይጠይቅ።

«ምንም አልሆንኩም» ቢሉ የግድ ውሸት ወይም እልኸኝነት አይደለም፤ በሽታው ራሱ ጉድለታቸውን እንዳያዩ ሊያደርግ ይችላል። «አባባ፣ እየረሱ ነው» ብሎ ከመከራከር «አባባ፣ ደምዎንና ጆሮዎን እንታይ» ማለት ይቀላል። ማታለልም አይደለም፤ ምርመራው ሲጀመር ከሚታዩት ነገሮች ውስጥ ናቸውና።