በየጠዋቱ የሚዋጠው ነጭ ሽንኩርት

እናቴ የደም ግፊት እንዳለባት የሰሙ የባሕር ዳር ጎረቤቶቻችን ምክራቸው አንድ ነበር፦ «ጠዋት በባዶ ሆድሽ ነጭ ሽንኩርት ዋጪ።» ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው። መድኃኒቷን የምከታተለው እኔ ስለሆንኩ ግን ነገሩን በደንብ ማጣራት ፈለግሁ።

ይጠቅማል የሚባለው አሊሲን የተባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ያልተነካ ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ግን የለም ማለት ይቻላል። አሊይን የተባለው ንጥረ ነገርና አሊይኔዝ የተባለው ኢንዛይም ለየብቻ ተቀምጠዋል። ሲወቀጥ ይገናኛሉ፤ ያ አፍንጫ የሚሰነፍጠው አሊሲን የሚፈጠረው ያኔ ነው። ኢንዛይሙን እሳት ያጠፋዋል፤ የጨጓራ አሲድም ያዳክመዋል። ስለዚህ ሙሉውን ፍሬ እንደ ክኒን መዋጥ ብዙም ትርጉም የለውም። እኔ በሙቀጫ እወቅጠውና 10 ደቂቃ ያህል እተወዋለሁ። እስከዚያ ቀይ ሽንኩርቱን አቁላላለሁ፣ አሳውን አጥባለሁ። ነጭ ሽንኩርቱን ወጡ ውስጥ የምጨምረው ወጡ ከእሳት ሊወርድ ሲል ነው። ጥሬውን በባዶ ሆድ መውሰድ ለእናቴ ቃር አመጣባት፤ ከምግብ ጋር ሲሆን ግን ተስማማት።

ግፊትን ይቀንሳል ወይ? ጥናቶች ግፊታቸው ከፍ ባለ ሰዎች ላይ መጠነኛ ቅናሽ አሳይተዋል። መጠነኛ ነው። የእናቴን ክኒን አንድም ቀን አላስቆምንም። ትኩሳት ሲመጣም ነጭ ሽንኩርት ሕክምናን አይተካም፤ ጣና ዳር ወባ አለ፣ ቶሎ ደም መመርመር ይሻላል።

የበለጠ ያሳሰቡኝ ጎረቤታችን እትዬ ነበሩ። የልብ ሕመምተኛ ናቸው፤ ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። እሳቸውም በየጠዋቱ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት በማር ጀምረው ነበር።

«ኧረ ልጄ፣ ይሄ እኮ ምግብ ነው! ምን ያደርገኛል?»

«ወጥ ውስጥ ያለው አይደለም እትዬ። በየቀኑ በብዛት የሚወስዱት ነው ያሳሰበኝ።»

ነጭ ሽንኩርት ራሱ ደም እንዳይረጋ የማድረግ ባሕርይ አለው። በዋርፋሪን ላይ ሲጨመር መድማት ሊያመጣ ይችላል። ለሐኪማቸው እንዲነግሩ ለመንኳቸው፤ ሲነግሩትም «ተዉት» አላቸው። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ሰውም በብዛት የሚወስድ ከሆነ ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት እንዲያቆም ይመከራል። ሳኩናቪር የተባለው የቆየ የኤችአይቪ መድኃኒት ደግሞ ከነጭ ሽንኩርት ክኒን ጋር ሲወሰድ ደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ያህል ወርዶ ታይቷል። ሐኪም «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ሲል ነጭ ሽንኩርቱም ይጠራ የምለው ለዚህ ነው።

ጭርት ላይ ጥሬውን ፈጭቶ ማሰርም ይቅር። ቆዳ ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል። ለሕፃን ደግሞ ጭራሽ!

ብዙ ቤት የማየው ሌላ ነገር አለ፦ በዘይት ተፈጭቶ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ነጭ ሽንኩርት። ነጭ ሽንኩርት ቦቱሊዝም የተባለውን አደገኛ የምግብ መመረዝ የሚያመጣ ጀርም ዘር ከአፈር ይዞ ሊመጣ ይችላል። ዘይቱ አየር ይከለክላል፤ ጀርሙ የሚመቸው ደግሞ አየር የሌለበት ቦታ ነው። መርዙ ነርቭ ያሽመደምዳል፣ ይገድላልም። ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ስለሚችል ቀምሶ ማወቅ አይቻልም። በሚያዝያ የባሕር ዳር ሙቀት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ትንሽ ትንሽ አዘጋጅቼ ፍሪጅ አስገባዋለሁ፤ ከ4 ቀን አላሳልፈውም። የሚቆየውን በረዶ ቤት አስቀምጣለሁ። መብራት ረጅም ሰዓት ከጠፋ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ያለውን እደፋዋለሁ።