ሲባጎው የተበጠሰ ምሽት

ቀስ ያለ ዘፈን መሀል ላይ ቀኝ እግሬ ድንገት ቀለለው። አሜሪካ፣ ናሽቪል ውስጥ ከአንድ የካንትሪ ባንድ ጋር ፔዳል ስቲል ጊታር እየተጫወትኩ ነበር፤ በእግሮች ላይ ተጋድሞ፣ ክሩ ላይ ብረት እየተንሸራተተ፣ ከሥሩ ባሉ ፔዳሎች ቅኝቱ እየተለወጠ የሚጫወቱት ጊታር ነው። ድምፁን ከፍና ዝቅ የማደርግበትን ቮልዩም ፔዳል ብረግጠው ይወርዳል፣ ድምፁ ግን አይነሳም። ዘፋኟ ዞር ብላ አየችኝ። ሶሎዬ ሊገባ አንድ አዝማች ብቻ ቀርቶታል።

እኔ ስፈራ የኖርኩት 3ኛውን ክር ነበር። ኢ9 በሚባለው የዚህ ጊታር ቅኝት ከ10ሩ ክሮች ቶሎ የሚበጠሰው እሱ ነው። ቀጭን ነው፣ ከጊታሩ ፔዳሎች አንዱም ደጋግሞ ከጂ ሻርፕ ኖታ ወደ ኤ ይስበዋል። ለእሱ መለዋወጫ ከቦርሳዬ ጠፍቶ አያውቅም። ቮልዩም ፔዳሌን ግን ለዓመታት ከፍቼ አላየሁትም። ውስጡ ቀጭን ሲባጎ አለ። እግር ሲረግጥ ድምፁን የሚመጥነውን ቁልፍ የሚያዞረው ይሄ ሲባጎ ነው። ያ ነው የተበጠሰው።

ቮልዩም ፔዳሉን ከመሀል ማውጣት ነበረብኝ። ከጊታሩ ወደ ፔዳሉ የሚሄደው ኬብል አጭር ስለሆነ አምፑ፣ ማለትም ድምፅ ማጉያው፣ ጋ አይደርስም። ረጅሙ ከፔዳሉ ወደ አምፑ የሚሄደው ነው። መጀመሪያ የአምፑን ድምፅ ዜሮ አደረግኩ። ረጅሙን ኬብል ከፔዳሉ ነቅዬ ጊታሩ ላይ ሰካሁት። ከዚያ አምፑን ቀስ ብዬ ከፈትኩ፣ ከወትሮው በጣም ዝቅ አድርጌ። ፔዳሉ ከሌለ ድምፁ ያለ ከልካይ ነው የሚመጣው። በነበረበት ብተወው የሰው ጆሮ ይበሳ ነበር።

ድምፁ መጣ። ግን የማውቀው ጊታር አልነበረም። ፔዳል ስቲል እንደ ማሲንቆ ሳይቆረጥ የሚሳበው፣ ድምፁ ሲደክም እግር ቀስ እያለ ስለሚደግፈው ነው። አሁን ክራር ሆነብኝ፤ ይመታል፣ ይጠፋል። የተለማመድኩት ሶሎ ረጃጅም ድምፅ ብቻ ነው፤ በየመሀሉ ሊሞትብኝ ነው።

እንደ ክራር ተጫወትኩት። አጠር አጠር አድርጌ፣ አንዱ ሳይጠፋ ሌላውን እየመታሁ። ፊድል (ቫዮሊን) ተጫዋቹን ቀና ብዬ አየሁት። ወዲያው ገባውና ረጅሙን ድምፅ እሱ ያዘልኝ። እንዴት እንደማመሰግነው አላውቅም።

አሁን ሁለቱም ኬብሎቼ ረጃጅም ናቸው። ቦርሳዬ ውስጥ ትርፍ ሲባጎና ትንሽ ካቻቢቴ አለ። ፔዳሉን በየወሩ ከፍቼ አያለሁ፤ ሲባጎው ጫፉ ላይ መላላጥ ከጀመረ ሳልውል ሳላድር እቀይረዋለሁ።

ቤት ስለማመድ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ቮልዩም ፔዳሉን ወደ ጎን አደርገዋለሁ። ስጀምር ለክፉ ቀን ብዬ ነበር። አሁን ትዝታን የምጫወተው እንደዛ ነው።