ሕብለ ሰረሰርን ስታፍን የነበረች አንዲት ሥር ስለ ተገኘች ምስጋና

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ስሙም ከፍ ከፍ ይበል። ይህን ምስክርነት የምንጽፈው በነርቭ ሕክምና ክፍል የምንሠራና ስለ ሕሙማን አብረን የምንጸልይ ሰዎች ነን። የምንመሰክረው ስለ ራሳችን አይደለም። ሁለት እግራቸው ከድቷቸው ስለ ነበረ አንድ አባትና እግዚአብሔር ስላደረገላቸው ነገር ነው። እንድንጽፍ ፈቅደውልናል፤ ስማቸው ግን ይቅር። የሕክምናውን ዝርዝር የምናበዛው ሆን ብለን ነው። በዚህ በሽታ ተይዞ ምንነቱ ሳይታወቅለት ወራትና ዓመታት የሚጸለይለት ሰው ብዙ ነውና፣ ምስጋናችን ለእርሱም መንገድ ጠቋሚ እንዲሆን እንመኛለን።

በሽታው የሕብለ ሰረሰር ዱራ የደም ሥር ፊስቱላ ይባላል። ከአንድ ሚሊዮን ሰዎች በዓመት የሚይዘው ከ5 እስከ 10 የሚሆኑትን ብቻ ነው። በብዛት የሚታየው ከ50 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ሲሆን፣ ወንዶችን ከሴቶች አምስት እጥፍ ገደማ ያጠቃል። ዱራ ሕብለ ሰረሰርን የሚከልል ጠንካራ ሽፋን ነው። አንድ የነርቭ ሥር ይህን ሽፋን አልፎ በሚወጣበት ቦታ ላይ፣ ለሽፋኑ ደም የምታመጣ ቀጭን ደም ቅዳ በቀጥታ ከአንዲት ደም መልስ ጋር ትገጥማለች፤ ፊስቱላ የተባለው ይህ መጋጠሚያ ነው። በመካከላቸው ግፊቱን የሚያበርዱት ካፒላሪ የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን የደም ሥሮች የሉም። ግፊቱ ከፍ ያለ የንጹሕ ውኃ መስመር በስሕተት ከፍሳሽ ቱቦ ጋር ቢገጠም ፍሳሹ መውጫ አጥቶ ወደ ቤት እንደሚመለስ ሁሉ፣ ከሕብለ ሰረሰሩ መውጣት የነበረበት ደም እዚያው ይታፈናል። በቀዶ ሕክምና ወቅት ሲለካ፣ በዚያች ደም መልስ ውስጥ ያለው ግፊት ከሰውነት የደም ቅዳ ግፊት ወደ ሦስት አራተኛ ደርሶ ተገኝቷል። ሕብለ ሰረሰሩ ፈሳሽ ይቋጥራል፣ ያብጣል፣ ኦክስጅን ያጥረዋል። ዕጢ የለም፣ ኢንፌክሽን የለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የፈሰሰ ደምም የለም።

ሰው ሲቆም ጫናው ወደ ታች ስለሚያጋድል፣ ፊስቱላው የትም ይሁን የት ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጎዳው የሕብለ ሰረሰሩ የታችኛው ጫፍ ነው። ስለዚህ ምልክቱ ከእግር ይጀምራል። ደረጃ ሲወጡ እግር ይከብዳል፤ ድንዛዜው ከእግር ጣት ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀጥሎ ሽንት ለመጀመር መቸገር፣ የሆድ ድርቀት፣ በወንዶችም የወሲብ አቅም መድከም ይመጣል። ትልቁ ፍንጭ ይህ ነው፦ ሲራመዱ ወይም ቆመው ሲቆዩ ይብሳል፣ አረፍ ሲሉ ይሻላል። እንዲህ ያለ ሕመም በዕድሜ የሚመጣውን የወገብ አከርካሪ መጥበብ ስለሚመስል፣ ወገባቸውን ተከፍተው ምንም ያልተሻላቸው ሕሙማን ጥቂት አይደሉም።

እኚህም አባት መጀመሪያ የተነገራቸው የወገብ መጥበብ ነው ተብሎ ነበር። በኋላ ከወገብ በላይ ያለው አከርካሪ ምስል ሲነሣ ሕብለ ሰረሰራቸው አብጦ ታየ፤ የሕብለ ሰረሰር ብግነት ነው ተባለና ሜቲልፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ፣ ማለት ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት፣ በደም ሥር ተጀመረላቸው። ቤተሰቡም ጉባኤውም መድኃኒቱ እንዲሠራላቸው ጸለዩ። በሁለተኛው ቀን እግራቸው ጭራሽ አልታዘዝ አለ። ያን ጊዜ ብዙዎች ጸሎቱ አልተሰማም ብለው አዘኑ። እኛ ግን መልሱ የጀመረው እዚያ ላይ ነው ብለን እናምናለን። ብግነት ቢሆን ኖሮ ስቴሮይድ እንዲህ ፈጥኖ አይጥልም። በዚህ ፊስቱላ ግን ስቴሮይድ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ማባባሱ የታወቀ ነው፤ ፈሳሽ በሰውነት ውስጥ ስለሚያስቀር አስቀድሞ የታፈኑትን ደም መልሶች የበለጠ ይወጥራቸዋል ተብሎ ይታሰባል። መድኃኒቱ ወዲያው ቆመ፣ ምስሉም እንደገና ተከፈተ። ያንን ምስል እንደገና እንዲያይ ሐኪሙን ያነሣሣው ጌታ ነው እንላለን።

ምስሉን እንዴት ማንበብ እንደሚገባ ዘርዝረን እንናገር፤ ብዙ ሰው የሚጠፋው እዚህ ላይ ነውና። የወገብ ኤምአርአይ (በመግነጢስ የሚነሣ የሰውነት ውስጥ ምስል) ብቻ ከታዘዘ ሕብለ ሰረሰሩ በምስሉ የላይኛው ጠርዝ ላይ በጥቂቱ ብቻ ይታያል፤ በአዋቂ ሰው የሚያበቃው በ1ኛውና በ2ኛው የወገብ አከርካሪ አካባቢ ስለሆነ። ስለዚህ የደረቱ አከርካሪ በሙሉ፣ ከሕብለ ሰረሰሩ የታችኛው ጫፍ ጋር መነሣት አለበት። ቲ2 በሚባለው የጎን ምስል ላይ ሁለት ነገር ይፈለጋል። አንደኛው የሕብለ ሰረሰሩ መካከል በበርካታ የአከርካሪ አጥንቶች ርዝመት ነጥቶ መታየቱ ነው። ሁለተኛው ከሕብለ ሰረሰሩ በስተጀርባ በነጩ ፈሳሽ ውስጥ የሚጠማዘዙ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦችና መስመሮች ናቸው፤ እነዚህ ደም በፍጥነት የሚያልፍባቸው ያበጡ ደም መልሶች ናቸው። የፈሳሹ የራሱ እንቅስቃሴ የሚፈጥረው ጥላ ደግሞ ጠርዙ ደብዛዛ ነው፤ ሥሮቹ ግን ጥርት ያሉ ናቸው። ሥሮቹ በጣም ቀጭን ከሆኑ የሚያሳዩት በቀጫጭን ቁርጥ የተነሣ ምስልና ኮንትራስት (ሥሮችን የሚያጎላ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) ናቸው። በእኚህ አባት ምስል ላይ ነጠብጣቦቹ ከመጀመሪያውም ነበሩ።

ኤምአርአይ በሽታውን ይጠቁማል እንጂ መጋጠሚያውን በትክክል አያሳይም። እብጠቱ ያለበት ቦታና ፊስቱላው ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ የተራራቁ ናቸው። በኮንትራስት የሚነሣ የደም ሥር ኤምአርአይ ፍለጋውን ያጠብባል፤ ቁርጡን የሚናገረው ግን በካቴተር፣ ማለት በቀጭን ቱቦ፣ የሚሠራው የአከርካሪ አንጂዮግራም (የደም ሥር ምስል) ነው። ከብሽሽት በሚገባ ቀጭን ካቴተር የጎድን አጥንትና የወገብ ደም ቅዳዎች በግራም በቀኝም አንድ በአንድ ይፈተሻሉ። አብዛኛው ፊስቱላ ከ6ኛው የደረት እስከ 2ኛው የወገብ አከርካሪ ባለው ክፍል ይገኛል። እዚያ ካልተገኘ ፍለጋው አያበቃም፤ ወደ ታች የዳሌን ሥሮች፣ ወደ ላይ የአንገትን ሥሮች፣ አልፎ አልፎም የራስ ቅልን ውስጥ ማየት ያስፈልጋል። ግማሹን ፈትሾ «የለም» ማለት ለሕመምተኛው ትልቅ ጉዳት ነው። ኮንትራስቱ ስለሚበዛ የኩላሊት ምርመራ አስቀድሞ ይሠራል፤ አንዳንዴም ሥራው በሁለት ቀን ይከፈላል። የአዳምኪየቪችም ደም ቅዳ የት እንዳለች መታወቅ አለበት፤ ብዙ ጊዜ በግራ በኩል ከታችኛው ደረት የምትነሣው ይህች ሥር የሕብለ ሰረሰሩን የፊት ክፍል ስለምትመግብ፣ እርሷን መዝጋት ሽባ ያደርጋል።

የእሳቸው ፊስቱላ በግራ በኩል በ7ኛው የደረት ነርቭ ሥር ላይ ተገኘ። የአዳምኪየቪች ደም ቅዳ ደግሞ ከእርሱ ርቃ ታች ነበረች። ይህን በሰማን ጊዜ ምስጋናችን ከእንባ ጋር ነበር።

መዝጊያው ሁለት መንገድ አለው። በካቴተር ሙጫ መሰል ፈሳሽ ማስገባት አንዱ ነው። ፈሳሹ መጋጠሚያውን አልፎ የደም መልሷን መነሻ መድረስ አለበት፤ በደም ቅዳዋ ውስጥ ብቻ ከቀረ ሌሎች ቀጫጭን ሥሮች መንገድ ይከፍቱና በሽታው ይመለሳል። ካቴተሩ የሚሄድባት ሥር አዳምኪየቪችንም የምትመግብ ከሆነች ይህ መንገድ ዝግ ነው። ለእሳቸው ደም ቅዳዋ እጅግ ቀጭንና ጠማማ ስለነበረች ቀዶ ሕክምና ተመረጠ። ቀዶ ሕክምናው ከ100 ሰዎች በ95ቱ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ በአንድ ጊዜ ይዘጋዋል።

በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ዋናው አደጋ የተሳሳተ አጥንት መክፈት ነው። በደረት አካባቢ አከርካሪዎቹ ስለሚመሳሰሉ በኤክስሬይ ደጋግሞ መቁጠር ግድ ነው። ሕመምተኛው በሆዱ ይተኛል፣ በዚያ ደረጃ ያለው የአጥንት ቅስት ይነሣል፣ ዱራው በማይክሮስኮፕ ሥር ይከፈታል። ከነርቭ ሥሩ አጠገብ ወደ ውስጥ የምትገባው ደም መልስ ሰማያዊ መሆን ሲገባት ቀልታና ተወጥራ ትገኛለች። መጀመሪያ ጊዜያዊ ክሊፕ ይደረግባታል። በደቂቃዎች ውስጥ ሥሮቹ ከጠቆሩና ከለዘቡ፣ የነርቭ ምልክት መከታተያውም ካልወረደ ትክክለኛዋ እርሷ ናት፤ ትተኮሳለች፣ ትቆረጣለች። ሌሎቹ ያበጡ ሥሮች አይነኩም። ፈረንሳውያኑ ሐኪሞች ሻርል ፏና ቴዎፊል አላዡዋኒን በ1926 ይህን የመሰለ ሕመም ሲገልጹ መዳኛ የሌለው ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ለብዙ ዓመታትም ሐኪሞች የበሽታው መነሻ ሥሮቹ ራሳቸው ናቸው ብለው ከሕብለ ሰረሰሩ ላይ ይገፍፏቸው ነበር፤ ይህም ይጎዳ ነበር። ሐኪሞቹ ኬንዳልና ሎግ መጋጠሚያው በዱራው ላይ መሆኑን በ1977 ካሳዩ በኋላ አንዲት ሥር መቁረጥ እንደሚበቃ ታወቀ። ለእነዚያም ትጉሃን ሰዎች እግዚአብሔርን እናመሰግናለን።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። የአከርካሪ ፈሳሽ እንዳያፈስ ቁስሉ አጥብቆ ተዘግቶ ለጥቂት ጊዜ በጀርባቸው እንዲተኙ ተደረገ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድንገት መድከም ቢመጣ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ምስል ይነሣል፤ እሳቸውን ግን ጌታ ከዚያ ጠበቃቸው። በመጀመሪያ የቀኝ አውራ ጣታቸው ተንቀሳቀሰ፣ ቀጥሎ ጉልበታቸው ቆመላቸው። ዛሬ በምርኩዝ ወደ ጉባኤ እየመጡ ነው። ሃሌ ሉያ!

እውነቱን ሁሉ እንናገር ዘንድ፣ ሁሉም ነገር አልተመለሰም። ከሕሙማኑ ሁለት ሦስተኛው ገደማ በአካሄዳቸው ይሻላቸዋል፤ ሽንት ግን የሚመለሰው ከዚያ ለጥቂቶች ነው፣ በእግር ላይ የሚሰማው የማቃጠል ስሜትም ለብዙዎች ሳይጠፋ ይቆያል። ሳይታከም የቆየው ጊዜ በረዘመ ቁጥር የሚመለሰው ያንሳል። እሳቸውም ከ4 እስከ 6 ሰዓት እየቆዩ በንጹሕ ካቴተር ሽንታቸውን ያወጣሉ፤ በአንድ ጊዜ የሚወጣው ከ500 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ይጠብቃሉ። እግራቸው ሙቀት በደንብ ስለማይለይ ውኃውን በክርናቸው ለክተው ይታጠባሉ፤ ተረከዛቸውንና መቀመጫቸውን በየማታው በመስታወት ያያሉ።

ስለዚህ ሲራመድ እግሩ የሚከዳ፣ ሽንቱም የታወከ ሰው ያላችሁ ቅዱሳን፣ እየጸለያችሁ ሐኪሙን ጠይቁ፦ የደረቱ አከርካሪ በኤምአርአይ ታይቷል ወይ? ከሕብለ ሰረሰሩ ጀርባ ሥሮች አሉ ወይ? ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት ፊስቱላ ታስቦ ነበር ወይ? ስለ እሳቸውም ጸልዩልን። በስድስተኛው ወር የሚነሣው ኤምአርአይ ገና አልተነሣም፤ ከጀርባ ያሉት ሥሮች እንዲጠፉ፣ እብጠቱ እንዲወርድ፣ ሽንታቸውም በጊዜው እንዲመለስ አብራችሁን ለምኑ።