መስኮቱ ሳይደርቅ ከኔትወርክ ዳታ መቀበል

ዴስክቶፕ ፕሮግራም ኔትወርክ ሲጠብቅ ሃንግ የሚያደርገው መጠበቁን ለዩአይ ትሬዱ (መስኮቱን ለሚያንቀሳቅሰው የፕሮግራሙ የሥራ መስመር) ስለሰጠነው ነው። ይህ ትሬድ የማውስና የኪቦርድ መልእክቶችን ተራ በተራ ያነሳል፣ ስክሪኑንም ያድሳል፤ ሶኬት (የኔትወርክ ግንኙነቱ ጫፍ) ላይ ዳታ ሲጠብቅ ከቆመ ሁሉም ይቆማል። ዊንዶውስ 5 ሰከንድ ያህል መልእክት ያላነሳን መስኮት «ምላሽ አይሰጥም» ይለዋል። ማንበቡን ብቻ ሳይሆን የሰርቨሩን ስም ወደ አይፒ አድራሻ መቀየሩንም ከዚያ አውጡት። ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

ሥራውን ወደ ጀርባ ትሬድ ወይም ወደ አሲንክ (ውጤቱን ቆሞ ወደማይጠብቅ አሠራር) ማዛወር ቀላሉ ክፍል ነው። ጣጣው የሚመጣው ከኔትወርክ በሚገባው በእያንዳንዱ መልእክት ዩአዩን ስንቀሰቅስ ነው። በሰከንድ 2000 መልእክት ቢገባና አንዱን ለማሳየት 1 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ፣ በየሰከንዱ የ2 ሰከንድ ሥራ ይከመራል። ትሬዱ ተለይቶም መስኮቱ ይደርቃል።

ስለዚህ የጀርባው ትሬድ ያነበበውን ወረፋ ውስጥ ይክተት እንጂ ዩአዩን አይንካ። ዩአዩ በየ50 ሚሊሰከንዱ በታይመር (ከመስኮት መሥሪያ ላይብረሪዎች ቲኪንተር ላይ «አፍተር»፣ ኪውት ላይ «ኪውታይመር») ወረፋውን ያራግፍና አንዴ ብቻ ይሳል። በሰከንድ 20 ጊዜ ለዓይን ከበቂ በላይ ነው። ወረፋው ገደብ ይኑረው፤ ሲሞላ ማንበብ ይቁም። ያኔ የቲሲፒ (ዳታውን በቅደም ተከተል የሚያደርሰው የኔትወርክ ደንብ) መቀበያ ባፈር (ጊዜያዊ ማከማቻ) ይሞላና ላኪው ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የሚፈለገው የመጨረሻው መልእክት ብቻ ከሆነ ግን ወረፋም አያስፈልግም።

ቲሲፒ የመልእክት ድንበር አያውቅም። አንድ ጊዜ የተላከው በሦስት ንባብ ሊደርስ ይችላል። ከእያንዳንዱ መልእክት ፊት ርዝመቱን በ4 ባይት ላኩ፤ ተቀባዩ ያን ያህል ባይት እስኪሞላ ያንብብ። ንባቡ 0 ባይት ከመለሰ ወዲያኛው ወገን ዘግቷል። ሳይሞላ ወደ ጽሑፍ መቀየር ደግሞ አማርኛን ያበላሻል፦ በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን ወደ ባይት መቀየሪያ ደንብ) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሆነ፣ «ሰላም» መሃል ላይ ቢቆረጥ «ላ» የጥያቄ ምልክት ሆና ትወጣለች።

ፕሮግራሙ ሲዘጋስ? «አቁም» የሚል ተለዋዋጭ ብቻውን አይበቃም፤ ንባብ ላይ የቆመ ትሬድ አያየውም። መጀመሪያ ሶኬቱን ሻትዳውን አድርጉ (ግንኙነቱን አቋርጡ)፣ ንባቡ ይመለሳል፣ ከዚያ ትሬዱ እስኪያልቅ ጠብቁ። ዊንዶውስ ፎርምስ (የማይክሮሶፍት መስኮት መሥሪያ) ላይ የጀርባው ትሬድ «ኢንቮክ» (ሥራን ለዩአይ ትሬድ ሰጥቶ እስኪያልቅ የሚጠብቅ ጥሪ) የሚጠቀም ከሆነ እሱና የሚጠብቀው ዩአይ ትሬድ እርስ በርስ ሲጠባበቁ ይቀራሉ፤ «ቢጊንኢንቮክ» ሳይጠብቅ ያልፋል።