ለእንቁጣጣሽ፣ ለባባም

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገራችሁ! 2018ን የጤና፣ የሰላምና የጥጋብ ያድርግልን። ሽንኩርቱን ጥጄ ነው የምጽፍላችሁ፤ ካረረብኝ ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ።

የዘንድሮው መልእክቴ ግማሹ ለእናንተ፣ ግማሹ እዚህ ኤድመንተን ላሉት ዩክሬናውያን ጎረቤቶቻችን ነው። ካናዳ ሴፕቴምበርን የዩክሬን ቅርስ ወር ብላ በይፋ ተቀብላዋለች። ወሩ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ኢቫን ፒሊፒቭና ቫሲል ኤሌኒያክ የተባሉ ሁለት ሰዎች ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ካለችው ከኔቢሊቭ መንደር ተነሥተው ሞንትሪያል የገቡት ሴፕቴምበር 7 ቀን 1891 ነበር። ከእነሱ በኋላ የመጣው ሰው ከከተማችን በስተምሥራቅ ያለውን ጫካ መንጥሮ አረሰ። ዛሬ የዘር ሐረጉን ከዩክሬን የሚቆጥረው ካናዳዊ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው።

እኔ ግን ይህን ታሪክ ከማንም በፊት የሰማሁት ከጎረቤታችን ከባባ ነው። ባባ በዩክሬንኛ ሴት አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ባባ ይላቸው ነበር፤ እኛም እንደዚያው።

ባባን አምና ሚያዝያ ላይ ቀበርናቸው። ፋሲካው የእነሱም፣ የእኛም፣ የካቶሊኩም አንድ ቀን ውሎ ስለነበር «አንዴ እንኳ ተስማማን!» ብለው ሲስቁ ሰንብተው፣ ሳምንት ሳይሞላ ዐረፉ። ከቀብር መልስ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የተቀቀለ ስንዴ በማር ተለውሶ ቀረበ። አጠገቤ የተቀመጠችው ወዳጄ አንድ ማንኪያ ቀመሰችና «ንፍሮ!» ብላ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የሰው ለቅሶ ላይ እንደ እንግዳ ተሸማቀን ነበር የተቀመጥነው።

ይበልጥ የሚከብደኝ የሚመጣው የገና በዓል ነው። ዩክሬን በፈረንጆቹ 2023 በዓሉን በሕግ ወደ ዲሴምበር 25 ስታዛውረው ልጃቸው አብራ ተዛወረች፤ ባባ ግን «የድሮውን ቀን አልለቅም» ብለው ጃንዋሪ 7 ላይ ከእኛ ጋር ቀሩ። ዋዜማውን ማታ ሥጋም ቅቤም ያልነካው አሥራ ሁለት ዓይነት ምግብ ደርድረው ይጠብቁን ነበር። ዓሣ ግን አይቀርም፤ በጾም ይበላል አይበላም እያልን ስንት ዓመት ተከራከርን! ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን ባዶውን ይቀመጣል፤ ለሞቱት። ባባ የአባታቸው ነው ይሉ ነበር።

አባታቸው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ «የጠላት አገር ሰው» ተብለው፣ ባንፍ አጠገብ ካስል ማውንቴን ካምፕ ታስረው መንገድ ሲቆፍሩ የከረሙ ሰው ናቸው። ጥፋታቸው ያኔ ምዕራብ ዩክሬንን ትገዛ የነበረችው የኦስትሪያ-ሀንጋሪ ዜጋ መሆናቸው ነበር። በጠቅላላው 8,579 ሰው ታስሯል፤ አብዛኛው ዩክሬናዊ ነበር። ሌላ 80,000 ያህል ሰው ደግሞ መታወቂያውን ይዞ በየጊዜው ፖሊስ ዘንድ እየቀረበ ይመዘገብ ነበር። ፓርላማው ይህን በሕግ ያወቀላቸው በፈረንጆቹ 2005 ነው።

ይህን የማነሣው በዓል ለማደብዘዝ አይደለም። በ2022 ጦርነቱ ሲከፋ ካናዳ ለዩክሬናውያን በሯን ወለል አድርጋ ከፈተች፤ ደግ አደረገች። በዚያው ሰሞን ግን ዩክሬን ይማሩ የነበሩ አፍሪካውያን ልጆች ድንበር ላይ ከሰልፍ እየተገፉ ነበር፤ የእኛም ሰው ወንድሙን ለማስመጣት ዓመት ከዓመት ይጠብቃል። በየቡናው ያማረርነው ነው፣ አንደባበቅ። አንድ ቀን ባባ ፊት አመለጠኝና ደነገጥኩ። ስኒያቸውን አስቀመጡና «አባቴን ያሰሩት እኮ መሬት እንሰጥሃለን ብለው ያስመጡት ሰዎች ናቸው» አሉኝ። በሳምንቱ ስለ እኛ ጉዳይ ለምክር ቤት ተወካያችን በእጃቸው ደብዳቤ ጻፉ። ከሁለት ገጽ በላይ ነበር፤ ግማሹ ስድብ ነው።

እንግዲህ በዓሉን አሳብቤ ላመስግን። የባባን ልጅ፣ ያንን ደብዳቤ ስድቡን ሳትቀንስ ስለ ላከችው። ከካርኪቭ ሁለት ልጆች ይዛ መጥታ በባባ ቤዝመንት የከረመችውን፣ የእኔን ልጆች የፋሲካ እንቁላል በሰም መሳል ያስተማረችውን እናት፤ ባልሽን በሰላም ይመልስልሽ። በቀብሩ ቀን የሥራ ፈረቃውን ለውጦ ለቀስተኛውን ሲያመላልስ የዋለውን ወንድማችንን። ጋሼንም፤ በደርግ ዘመን ኪየቭ ሲማሩ በለመዱት ሩሲያኛ ሰላም ባሏቸው ቁጥር ባባ እየተቆጧቸው፣ በሚቀጥለው እሁድ ግን አሁንም በሩሲያኛ የሚጀምሩትን።

ለካርኪቭም ለኪየቭም፣ ለአገራችንም በየአካባቢው የጥይት ድምፅ እየሰማ አዲስ ዓመት ለሚቀበለው ሁሉ፣ እንቅልፍ የሚወስድበት ሌሊት ይስጠው።

ታኅሣሥ 28 ማታ ደግሞ ሁላችሁም እኛ ቤት ናችሁ። ስንዴውን የባባ ልጅ አመጣለሁ ብላለች፤ የእሷ ገና ካለፈ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው፣ ግን ትመጣለች። ዓሣውን ማን እንደሚሠራ አልተወሰነም። እኔ አልነካውም።